ጌም ውስጥ ያስገባነው ሙዚቃ ለምን «ሽሽሽ» ይላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ውስጥ ጌም የሚነካኩ ልጆች በዝተዋል። አንዱ ጂቲኤ ውስጥ የራሱን ዘፈን መስማት ይፈልጋል፣ ሌላው የድሮ ፔስ (የእግር ኳስ ጌሙ) ላይ የሜኑውን ሙዚቃ ይቀይራል፣ አንዳንዱም ከባዶ የራሱን ጌም እየሠራ ነው። ሳቢያን ያለችው ክፍሌ ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ላፕቶፕና ፍላሽ በያዙ ልጆች ትሞላለች። የሚያመጡት ቅሬታ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። «ዘፈኑን ኮንቨርት አደረግኩት፣ ጌሙ ውስጥ አስገባሁት፣ ስከፍተው ግን ጆሮ የሚበሳ ሽሽሽታ ብቻ ነው።» መልሱን ለእያንዳንዱ ከመድገም አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። በድሬ ወግ «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ሴቶችም ታላላቆቼም እንደ ቤት ልጅ ቋንቋ ውሰዱት።

ዘፈኑ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። ይህን ቀድመህ እወቅ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ፋይሉን ያጠፋዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ድምፅ የቁጥር ሰልፍ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ዘፈን በሰከንድ 44,100 ቁጥር አለው፣ ስቴሪዮ ከሆነ ለግራና ለቀኝ እየብቻው። እያንዳንዱ ቁጥር 16 ቢት ነው፣ ማለትም ሁለት ባይት። አጫዋቹ እነዚህን ቁጥሮች በትክክለኛው ደንብ ካነበባቸው ሙዚቃ ይወጣል። በሌላ ደንብ ካነበባቸው ጫጫታ ይወጣል። ቁጥሮቹ ግን እዚያው ናቸው።

መጋላ ሄደህ የሱቆቹን ታፔላ እይ። አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ አጠገቡ ያለው ዓረብኛ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ። ዓረብኛውን ከግራ ጀምሮ ፊደል በፊደል ለሚያነብ ሰው ምንም ትርጉም አይሰጠውም፤ ታፔላው ግን ምንም አልሆነም። የድምፅ ፋይልም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ባይት ትንሹን አስቀድሞ የሚጽፍ ሥርዓት አለ፣ ሊትል ኢንዲያን ይሉታል፤ ዌቭ የሚባለው ያልታመቀ የድምፅ ፋይል የሚጠቀመው ይሄን ነው። ትልቁን የሚያስቀድም ደግሞ ቢግ ኢንዲያን ይባላል፤ የአፕሉ ኤአይኤፍኤፍ እና አንዳንድ የድሮ ጌም መጫወቻዎች እንደዚያ ናቸው። ተገልብጦ ሲነበብ 1 የነበረው ቁጥር 256 ይሆናል፣ 256 የነበረው ደግሞ 1። በጣም ዝግ ያለው ድምፅ ድንገት ይጮሃል፣ የጮኸው ቦታውን ይለቃል፤ ጆሮህ የሚሰማው ሽሽሽታ ይሄው ነው።

የትኛው ስህተት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በጆሮህ። ግን መጀመሪያ ኢርፎኑን ከጆሮህ አውጣ፣ ድምፁንም ቀንስ። በስህተት የተነበበ ፋይል የሚያወጣው ጫጫታ እስከ መጨረሻው ጣሪያ የጮኸ ነው፣ ኢርፎን አድርጎ መሞከር ጆሮን ይጎዳል። በትንሽ ስፒከር ሞክረው፣ ወይም መጀመሪያ ሞገዱን በዓይንህ እየው።

ከዚያ ልብ ብለህ ስማ። ጫጫታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ለውጥ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ዝም ማለት ያለበት ቦታ እንኳ ዝም ካላለ፣ ፋይሉ የታመቀ ወይም የተቆለፈ ነው ማለት ነው። እንደ ኤምፒ3 ያለ የታመቀ ፋይል ያልታመቀ መስሎት ፕሮግራሙ በቀጥታ አንብቦታል።

ዝም የሚልበት ቦታ ዝም ብሎ፣ ሙዚቃው ሲጀምር ግን ጫጫታው በአንዴ ግው ካለ፣ ባይቶቹ ተገልብጠዋል ብለህ ጠርጥር። ፍጹም ዝምታ 0 ነው፣ 0 ደግሞ ቢገለበጥም 0 ነው፤ ስለዚህ ዝምታው ይተርፋል። ፕሮግራሙ ከትክክለኛው ቦታ አንድ ባይት ዘልሎ ማንበብ ከጀመረም ተመሳሳይ ነገር ይሰማሃል።

ዘፈኑ ይለያል፣ ዜማውን እንኳ አብረህ ታንጎራጉራለህ፣ ግን በላዩ ላይ ጭርርር የሚል ሻካራ ነገር ተነጥፎበታል? ባለ 8 ቢት ፋይል ከሆነ ይሄ የሳይንድና የአንሳይንድ መደባለቅ ነው። በዌቭ ውስጥ 8 ቢት ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል፣ ዝምታው 128 ላይ ነው፤ አንሳይንድ የሚባለው ይሄ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ከዜሮ በታች ካለው 128 እስከ 127 ይቆጠራል፣ ዝምታው 0 ላይ ነው፤ ይሄ ሳይንድ ነው። አንዱን በሌላው ካነበብክ የሞገዱ መሀል ጫፍ ላይ ይወጣል።

ጫጫታ ከሌለ፣ ግን ዘፋኙ እንደ ሕፃን ከቀጠነ ወይም እንደ ሽማግሌ ከወፈረ፣ ያ የሳምፕል ሬት (በሰከንድ ስንት ቁጥር እንደሚነበብ) ወይም የሞኖና ስቴሪዮ (አንድ ቻናል ወይስ ሁለት) ጉዳይ ነው። ሞኖውን እንደ ስቴሪዮ ካነበብከው በእጥፍ ይፈጥናል። ስቴሪዮውን እንደ ሞኖ ካነበብከው በግማሽ ይንቀራፈፋል። ይሄ ቀላሉ ነው።

እሺ፣ ኦዳሲቲ ላይ በትክክል እንዴት ነው የማስነብበው?

ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ፋይል የሚለውን ክፈት፣ ኢምፖርት፣ ከዚያ ሮው ዳታ። ፋይሉን ስትመርጥ አንድ ሳጥን ይመጣል። ኢንኮዲንግ (8 ቢት ወይስ 16)፣ ባይት ኦርደር (ሊትል ወይስ ቢግ ኢንዲያን)፣ የቻናል ብዛት፣ ከየት ይጀመር የሚለው ኦፍሴት፣ እና ሳምፕል ሬት ይጠይቅሃል። ብዙ ልጆች እዚህ ሳጥን ላይ ዝም ብለው እሺን ይጫናሉ። ችግሩ እዚያ ይጀምራል።

ከመገመትህ በፊት ማስላት ትችላለህ። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። ከጌም ያወጣኸው ድምፅ አለ እንበል፣ ጌሙ ውስጥ ስትሰማው 30 ሰከንድ ነው። የፋይሉ መጠን 2,646,000 ባይት ነው። 2,646,000ን ለ30 ስታካፍል በሰከንድ 88,200 ባይት ይወጣል። 88,200 ማለት 44,100 ሲባዛ በ2 ነው። ስለዚህ ሦስት አማራጭ ብቻ ቀረህ፤ ወይ 44,100 ሞኖ ባለ 16 ቢት፣ ወይ 22,050 ስቴሪዮ ባለ 16 ቢት፣ ወይ 44,100 ስቴሪዮ ባለ 8 ቢት። ሦስቱን መሞከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኢንዲያኑን እየገለበጥክ ከሞከርክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሙዚቃው ይወጣል።

መጠኑ ከዚህ በጣም ካነሰስ? ለምሳሌ ያው 30 ሰከንድ 480,000 ባይት ብቻ ከሆነ በሰከንድ 16,000 ባይት ነው። ይሄ የ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ልክ ነው፤ ኤምፒ3 ከሆነ በሮው ዳታ ፈጽሞ አይነበብም። ከምትጠብቀው ሩብ ገደማ ከሆነ ደግሞ ባለ 4 ቢት ኤዲፒሲኤም ሊሆን ይችላል፤ ጌሞች በጣም የሚወዱት መጠቅጠቂያ ነው። እሱንም የራሱ ፈቺ ይፈታዋል እንጂ ሮው ዳታ አይፈታውም።

አንድ ነገር ልጨምር። መደበኛ ዌቭ ፋይል መጀመሪያው ላይ 44 ባይት መግቢያ አለው፣ ሄደር ይባላል። ዌቭን በሮው ዳታ ከከፈትከው መግቢያው እንደ ድምፅ ይነበብና መጀመሪያ ላይ «ጠቅ» ይልብሃል። ኦፍሴቱ ላይ 44 ጻፍ፣ ይጠፋል።

የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኤምፒ3 ወደ ዌቭ ብቀይረውስ?

አይሆንም። ስሙን መቀየር ፋይሉን አይቀይረውም። የስኳር ጆንያ ላይ «ጨው» ብለህ ብትጽፍ ውስጡ ስኳር ነው። ጌሙ ስሙን አምኖ በዌቭ ደንብ ያነበዋል፣ ውጤቱ ወይ ጫጫታ ወይ ዝምታ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት ቅሬታዎች ብዙዎቹ እዚህ ያልቃሉ።

ጂቲኤ ቫይስ ሲቲ ላይ የሬዲዮውን ፋይል ቀየርኩት፣ ግን አይሠራም። የጌሙንም ሬዲዮ በሌላ አጫዋች ስከፍተው ሽሽሽ ነው።

የኮምፒውተሩ ቫይስ ሲቲ የሬዲዮ ፋይሎቹን ኤዲኤፍ በሚል ስም ነው የሚያስቀምጠው። ውስጣቸው ኤምፒ3 ነው፣ ግን እያንዳንዱ ባይት ከ34 ጋር ኤክስኦር በሚባለው ስሌት ተቀይሯል። ቀለል ያለ ቁልፍ ነው። በዚያው በ34 መልሰህ ብታሰላው ተፈትቶ ንጹሕ ኤምፒ3 ይሆናል። ሳትፈታ ከከፈትከው ጫጫታ ነው። በተቃራኒውም፣ ተራ ኤምፒ3 ወስደህ ኤዲኤፍ ብለህ ካስገባኸው ጌሙ ሊፈታው ይሞክርና ያበላሸዋል። ስለዚህ መልሰህ መቆለፍ አለብህ፤ ይሄን የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ።

ግን ልጠይቅህ፤ የፈለግከው መኪና ስትነዳ የራስህን ዘፈን መስማት ብቻ ነው? ከሆነ ይሄ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም። ቫይስ ሲቲ የኤምፒ3 ፎልደር አለው፣ ዘፈንህን እዚያ ትጨምራለህ፣ ሬዲዮው ላይ አንድ ጣቢያ ሆኖ ይመጣል። ሌላው ጂቲኤ፣ ሳን አንድሪያስም፣ ዶክመንትስ ውስጥ ባለው የጌሙ ፎልደር ስር «ዩዘር ትራክስ» የሚል ቦታ አለው። ዘፈኖቹን እዚያ አድርግ፣ ጌሙ ውስጥ የኦዲዮ ማስተካከያ ገብተህ እንዲቃኛቸው እዘዘው። አለቀ።

ፔስ 6 ላይ የሜኑ ሙዚቃ ቀይሬ መሀል ላይ መንጫጫት ጀመረ።

ፔስ 6 እስካሁን በየሰፈሩ አለ፣ እኔም እወደዋለሁ። የዚያ ዘመን ፔስ ሙዚቃ ኤዲኤክስ በሚባል ዓይነት ነው የተቀመጠው፣ እሱም ኤኤፍኤስ በሚባል ትልቅ ማህደር ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ። ኤዲኤክስ 32 ቁጥር ወስዶ በ18 ባይት ያሽገዋል። እያንዳንዱ እሽግ መጀመሪያው ላይ የድምፁን ከፍታ መጠን የሚናገር 2 ባይት አለው። አሁን አስበው፤ ከነዚህ እሽጎች መሀል አንድ ባይት ቢጎድል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። መጠኑ የት እንደሆነ ፈቺው አያውቅም። መጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ከመሀል ጀምሮ ጫጫታ ከሆነብህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

የሚያጋጥመው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ አዲሱ ፋይል ማህደሩ ውስጥ ከተሰጠው ቦታ ይበልጣል፤ ሲገባ ወይ ይቆረጣል ወይ የጎረቤቱን ቦታ ይረግጣል። የሌላ ዘፈን ቦታ ስለተረገጠም፣ አንተ ያልነካኸው ሙዚቃ ድንገት ሊንጫጫ ይችላል። ሁለተኛው፣ ሳምፕል ሬቱና የቻናሉ ብዛት ከኦሪጅናሉ ጋር አይመሳሰልም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ኦሪጅናሉን አውጥተህ ስንት ኪሎኸርዝ፣ ስንት ቻናል፣ ስንት ባይት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ ያንተን በእሱ ልክ ስፋ። ዘፈኑ ከረዘመ ቁረጠው እንጂ ቦታውን አታስጨንቅ። ማህደሩንም ከመንካትህ በፊት ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ፤ እባክህ ይሄን እንዳትዘነጋ።

የኤዲኤክስንና የሌሎች በርካታ የጌም ድምፆችን ውስጥ ለመስማት ቪጂኤምስትሪም የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፣ ፉባር 2000 በሚባለው የሙዚቃ አጫዋች ላይ ተጨምሮ ይሠራል። በመቶ የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ያነባል። እሱ በትክክል ካጫወተው ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ አንተ የተጠቀምክበት መቀየሪያ ጋ ነው።

ከድሮ ፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ሙዚቃ ላወጣ ብዬ ይቆራረጣል፣ ይንጫጫል።

ሲዲውን በምን መልክ ገለበጥከው? ተራ አይሶ (የተለመደው የሲዲ ቅጂ ፋይል) ከሆነ መልሱ እዚያ ነው። የፕሌይስቴሽን 1 ረጃጅም ድምፆች ብዙ ጊዜ ኤክስኤ በሚባል ዓይነት ናቸው። ሲዲው ላይ አንዱ ሴክተር 2,352 ባይት ነው፤ ተራ አይሶ ግን ከያንዳንዱ 2,048 ብቻ ነው የሚወስደው። ለዶክመንት በቂ ነው። ኤክስኤ ግን ከ2,048 በላይ ያለውንም ቦታ ለድምፅ ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ ከየሴክተሩ ጫፍ ይቆረጥበታል። የተቆረጠው በምንም ማጽጃ አይመለስም። ሲዲውን እንደገና ሙሉውን በቢን እና ኪው መልክ ገልብጠው።

ሌላ፣ ኤክስኤ በ37,800 ወይም በ18,900 ኸርዝ ነው። 37,800ውን በ44,100 ካጫወትከው ይፈጥናል፣ ቃናውም ከፍ ይላል። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ደግሞ የግራውና የቀኙ ድምፅ በቁራጭ በቁራጭ እየተፈራረቀ ነው የሚቀመጠው። የቁራጩን ልክ ካልነገርከው ሙዚቃው እንደሚንተባተብ ሰው ይሆናል።

ዝግ ሲል ደህና ነው፣ ጮክ ሲል ብቻ ይሰነጠቃል።

ይሄ ሌላ በሽታ ነው። ባለ 16 ቢት ቁጥር ከ32,768 ከዜሮ በታች እስከ 32,767 ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው። አሁን የሚወጡ ዘፈኖች ብዙዎቹ ጣሪያውን ነክተው ነው የሚቀረጹት። ኤምፒ3 ሲፈታ፣ ሳምፕል ሬት ሲቀየር፣ ሞገዱ ከኦሪጅናሉ ትንሽ ከፍ ይላል። ጣሪያው ላይ የነበረው ጣሪያውን አልፎ ይሄዳል። ጥሩ ፕሮግራም ጫፉን ይቆርጠዋል፣ ያኔ ሻካራ ይሆናል። ደካማ ፕሮግራም ግን ቁጥሩን ከላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው ጫፍ ያዞረዋል፣ ያኔ ከበሮው በመታ ቁጥር «ጣ!» የሚል ስንጥቅ ትሰማለህ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመቀየርህ በፊት ድምፁን 3 ዴሲቤል ቀንስ። ወደ ኤዲፒሲኤም የምትቀይር ከሆነ ከ3 ትንሽ አብልጠህ ብትቀንስም አይከፋም። ጌሙ ውስጥ ድምፁን ከፍ ማድረግ ትችላለህ፤ የተቆረጠ ጫፍ ግን አይበቅልም።

ከበስተኋላ ቀጭን «ስስስ» አለ፣ በተለይ መግቢያው ላይ።

ወደ 8 ቢት ቀይረህ ይሆናል። 16 ቢት 65,536 ደረጃ አለው፣ 8 ቢት 256 ብቻ። ጮክ ያለ ዘፈን ላይ ብዙም አይታወቅም። ግን መግቢያው ላይ ኡድ ወይም ክራር ብቻውን ዝግ ብሎ የሚጀምር ዘፈን ከሆነ፣ ያ ለስላሳ ድምፅ ከ256ቱ ውስጥ የሚያገኘው ጥቂት ደረጃ ነው፣ የቀረው ስስታ ይሆናል። ጌሙ 16 ቢት ከተቀበለ 16 ቢት ስጠው። 8 ቢት የግድ ከሆነ ዘፈኑን በተቻለ መጠን አጉላው፣ ኦዳሲቲ ሲያወጣም ዲተር የሚለውን አታጥፋ። ዲተር ራሱ ትንሽ ስስታ ይጨምራል፣ ግን እኩል የተዘረጋ ስለሆነ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል፤ ካለሱ የሚመጣው መንኮሻኮሽ ይብሳል።

ከ44,100 ወደ 22,050 ስትወርድም ተጠንቀቅ። 22,050 መያዝ የሚችለው እስከ 11,025 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው፣ የጸናጽሉ ጭል ጭል፣ ቀድሞ ካልተጣራ ታጥፎ ወደ ታች ይመጣና እንግዳ ፉጨት ይሆናል። ኦዳሲቲ ራሱ ያጣራልሃል። አንዳንድ ፈጣን መቀየሪያዎች ግን አያጣሩም።

የራሴን ጌም ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ላይ እየሠራሁ ነው። ሙዚቃው ዞሮ ሲጀምር «ጠቅ» ይላል።

ሁለት ነገር ተመልከት። ኤምፒ3 ከሆነ፣ ኤምፒ3 ድምፁን የሚያሽገው በ1,152 ቁጥር ነው፣ መጨረሻው ካልሞላ በዝምታ ይሞላዋል፣ መጀመሪያው ላይም ትንሽ ዝምታ ይጨምራል። ስለዚህ ሲዞር ክፍተት ይፈጠራል። ለሚዞር ሙዚቃ ኦግ ቮርቢስ ወይም ዌቭ ተጠቀም፣ ጎዶት ሁለቱንም ይቀበላል። ዌቭ ካስገባህ በኋላም የኢምፖርት ማስተካከያው ውስጥ ኮምፕረስ የሚለውን እይ፤ ኤዲፒሲኤም ከተመረጠ ያቺ ቀጭን ሽሽታ ከዚያ ነው የምትመጣው።

ኦግ ሆኖም ጠቅ ካለ፣ የቆረጥክበት ቦታ ነው። ሞገዱ መሀል መስመሩን በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ ቁረጥ። ኦዳሲቲ ላይ ክፍሉን ከመረጥክ በኋላ የዜድን ቁልፍ ስትጫን ጫፎቹን ራሱ ወደዚያ ነጥብ ይወስድልሃል። በጣም ጠቃሚ ቁልፍ ናት።

ከካሴት ነው የቀዳሁት። ጫጫታው የኮንቨርት ነው ወይስ የካሴቱ?

ከመቀየርህ በፊት የነበረውን ቅጂ ስማው። እዚያም ካለ የኮንቨርት አይደለም። ዝቅ ያለ «እምምም» ከሆነ የመብራት ነው፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው በ50 እና በእጥፎቹ ላይ ይቀመጣል። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ ቅዳ። ብዙ ጊዜ ወዲያው ይጠፋል። ካልጠፋ ኦዳሲቲ ላይ አንድ ቃና ብቻ ነጥሎ የሚቆርጥ ኖች ፊልተር አለ፣ 50 ብለህ ስጠው። የካሴት ሽሽታ ግን የካሴቱ ተፈጥሮ ነው፣ ጥቂቱን ብትተውለት ይሻላል።

ታዲያ ኖይዝ ሪደክሽን የሚባለው የጫጫታ ማጽጃ ሁሉንም አያጸዳም?

አያጸዳም። ይሄን ከልቤ ነው የምነግርህ። አጎቴ ኡድ ሲጫወት የተቀዳ አንድ ፋይል ነበረን፣ ከድሮ ኮምፒውተር የተገለበጠ፣ ስምም መግቢያም የሌለው። ጌም ልሠራበት ብዬ ስከፍተው ሽሽሽ ብቻ ነው። ሦስት ሌሊት ኖይዝ ሪደክሽን እየደጋገምኩ አጸዳሁት። ባጸዳሁት ቁጥር ደከመ፣ ጠፋ፣ ምንም አልወጣም። በአራተኛው ቀን ኦሪጅናሉን እንደገና በሮው ዳታ ከፍቼ ባይት ኦርደሩን ብቻ ወደ ቢግ ኢንዲያን ቀየርኩት። የአጎቴ ኡድ ወጣ፤ ጣቱ ጅማቱ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ፍጭት እንኳ ሳይቀር። እናቴ ከጓዳ ሰምታው መጣች።

ኖይዝ ሪደክሽን የሚሠራው ሙዚቃ ላይ ለተደረበ፣ ለማይለዋወጥ ጫጫታ ነው፤ እንደ ካሴት ሽሽታ፣ እንደ ፋን ድምፅ። በስህተት የተነበበ ፋይል ላይ የተደረበ ጫጫታ የለም፣ ሙዚቃው ራሱ ነው ጫጫታ የሆነው። ስለዚህ የምታጸዳው ሙዚቃውን ነው።

ፋይሉ ቤቴ ሲሠራ ነበር፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ወስጄው ተበላሸ።

ፍላሹን ጠርጥር። የሁለቱን ፋይል መጠን በባይት አወዳድር። እኩል ካልሆኑ ሳይጨርስ ነቅለኸዋል። እኩል ሆነውም ከተበላሸ፣ ፍላሹ ላዩ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ቦታ ያለው ሊሆን ይችላል፤ 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልኝ አንዱ እንደዚያ ሆኖብኛል፣ ከሆነ ቦታ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ቆሻሻ ነበር። በቴሌግራም ስትልክም እንደ ፋይል ላክ። ከስፒከር የሚወጣውን በድምፅ መልእክት ቀድተህ ከላክኸው ግን ኦፐስ በሚባል ዓይነት ይታመቃል፣ ኦሪጅናሉ አይደለም።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚሰነጠቀው።

ያው ፋይል ስልክህ ላይ ንጹሕ ከሆነ ፋይሉን ተወው። ኮምፒውተሩ ደክሞታል። በቀትር በድሬ ሙቀት አሮጌ ላፕቶፕ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ድምፅ በሰዓቱ ማድረስ ያቅተዋል። ማታ ሞክረው፣ ጌሙ ወይም ኢሙሌተሩ (የድሮ ጌም መጫወቻን በኮምፒውተር የሚያስመስለው ፕሮግራም) ውስጥ የድምፅ በፈሩን፣ ማለትም ድምፁ ቀድሞ የሚጠራቀምበትን ቦታ፣ ከፍ አድርግ።

የሰው ዘፈን ጌሜ ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

ቤትህ ለራስህ ስትጫወት ሌላ ነገር ነው። ጌምህን የምታሰራጭ ወይም የምትሸጥ ከሆነ ግን የዘፈኑን ባለቤቶች አስፈቅድ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥሙንም፣ የዜማውንም፣ የድምፅ ቅጂውንም ባለመብት ይጠብቃል። የድሬና የሐረር ሙዚቀኞች ጋ መድረስ ከባድ አይደለም። ሄዶ መጠየቅ ነው።

ካልተሳካልኝ ምን ይዤ ልምጣ?

ያልተነካውን ኦሪጅናል ፋይል፣ የቀየርከውን፣ እና ከጌሙ ያወጣኸውን የመጀመሪያ ድምፅ። ሦስቱንም፣ እንደ ፋይል። የጌሙን ስምና የቱን መቀየሪያ እንደተጠቀምክ ጻፍልኝ። የጫጫታውን ቪዲዮ በስልክ ቀርጸህ ብቻ አትላክልኝ፣ ከእሱ ባይት መቁጠር አልችልም። ከመግሪብ በኋላ ቤት ነኝ።